ዋቢ መጻሕፍትን ስለ መዘርዘር ሥርዐት የቀረበ አስተያየት

በቀድሞው የሙግት ልማድ ባለጉዳይ ዋቢ ሲጠራ ስም ብቻ ተናግሮ አይቀመጥም ነበር። የጠራው ሰው የማን ልጅና የየት አገር ነዋሪ እንደሆነ ጨምሮ ያስታውቃል፤ ዳኛው «ይቅረብ» ባለ ጊዜ ሰውዬው ተፈልጎ መገኘት አለበትና። ተፈልጎ የማይገኝ ዋቢ እንዳልተጠራ ይቈጠራል። የአማርኛ ጸሓፊዎች በጥናታቸው መጨረሻ የሚደረድሯቸውን ምንጮች «ዋቢ መጻሕፍት» ብለው መሰየማቸው ከዚህ ልማድ ጋራ የሚስማማ ነው፤ ስያሜውም ሥራውን በትክክል ያመለክታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያን ባሕልና ታሪክ የሚመለከቱ ጥናቶች በሳይንስ መጽሔት ለመታተም ሲላኩ ዋቢዎቻቸው የሚዘረዘሩበት ሥርዐት ዋቢውን የሚያስገኝ ነው ወይስ የሚያጠፋ የሚለውን መመርመር ነው።

ምንጭን መጥቀስ ሦስት ተግባር አለው። አንደኛ፣ ለተነገረው ነገር ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ ከማን እንደ ተገኘ በመግለጽ ዕዳን ይከፍላል። ሦስተኛ፣ ሌላው ተመራማሪ ወደዚያው ምንጭ የሚደርስበትን መንገድ ያሳያል። ብዙ ጀማሪ ጸሓፊዎች ግን ጉዳዩ የነጥብና የነጠላ ሰረዝ ብቻ መስሎ ይታያቸዋል። የመጽሔቱ አዘጋጅ የላከላቸውን መመሪያ ተከትለው ነጥቡን በነጥብ ቦታ፣ ቅንፉን በቅንፍ ቦታ ካኖሩ በኋላ ሥራው እንደ ተፈጸመ ያስባሉ። ነጥቡ ሁሉ በቦታው ሆኖ ሦስቱም ተግባራት ሳይፈጸሙ መቅረት እንደሚችሉ ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምሳሌዎች ያስረዳሉ።

ዛሬ በዓለም መጽሔቶች የሚሠራባቸው ሥርዐቶች እያንዳንዳቸው የተወለዱበት ቦታና ምክንያት አላቸው። የደራሲውን ስምና መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት በቅንፍ አድርጎ በጽሑፉ መካከል ማስገባት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው ይባላል፤ ጀማሪውም በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ የነበረው ኤድዋርድ ማርክ ሲሆን፣ ጽሑፉ ስለ አንድ ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ የተጻፈ ጥናት ነበር። «የሀርቫርድ ሥርዐት» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መመሪያ በ1906 ወጣ። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር መመሪያ በ1929 ሰባት ገጽ ያህል ሆኖ በመጽሔት ላይ ታትሞ፣ ዛሬ ዳጐስ ያለ መጽሐፍ ሆኗል፤ ሰባተኛው እትሙ የወጣው በ2019 ነው። በ1978 ደግሞ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በካናዳ አገር በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ምንጮችን በተራ ቍጥር የሚያመለክተውን ሥርዐት አስተካከሉ። እነዚህ ሁሉ ለሠሯቸው ሰዎች ተስማሚ ነበሩ። የሠሯቸው ሰዎች ግን ስማቸው በቤተ ሰብ ስም የሚጨርስ፣ የሚቈጥሩት ዘመን አንድ ብቻ የሆነ፣ ምንጮቻቸውም ከሞላ ጐደል በማተሚያ ቤት የታተሙ ነበሩ። ችግሩ የሚነሣው ይህ ሁኔታ የዓለም ሁሉ ሁኔታ ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

ምንጭን በሥርዐት መጥቀስ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በአስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ገና ከመቅድሙ የተቀዳባቸውን የቀኖና መጻሕፍት አንድ በአንድ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም ጥቂት ፊደላት ምልክት አድርጎ ይመድብለታል። ከዚያ በኋላ በየአንቀጹ ምልክቱንና ቍጥሩን ብቻ እያመለከተ ይሄዳል። ምልክቱን የዘነጋ አንባቢ ወደ መቅድሙ ተመልሶ ይመለከታል። ዛሬ «የምሕፃረ ቃል ዝርዝር» የሚባለው ይኸው ነው። በትርጓሜ ቤትም መምህሩ ንባቡን ሲያስረዳ የሌላውን መጽሐፍ ቃል አምጥቶ «እንዲል» ብሎ ያትመዋል። በቅኔ ቤትም አንድ ጥሩ ቅኔ ሲነገር የማን ቅኔ እንደሆነና በምን ነገር ላይ እንደ ተባለ አብሮ ይነገራል። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ጉድለት እንዳለ ግን መካድ አይገባም። «እንዲል» የሚለው ጥቅስ መጽሐፉን በቃሉ ላጠና ሰው ይበቃል፤ ላላጠና ሰው ግን መንገድ አያሳይም። ስለዚህ የድሮው ልማድ ዕዳን በመክፈል በኩል ብርቱ ሲሆን፣ መንገድን በማሳየት በኩል የዛሬው ሥርዐት ይበልጠዋል። መልካሙ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

የመጀመሪያው ችግር የስም ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱ ስም አለው፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ አይደለም። የመጽሔቶቹ መመሪያ ግን የመጨረሻውን ስም አስቀድሞ የቀሩትን በመጀመሪያ ፊደላቸው ማሳጠርን ያዛል። ይህ ትእዛዝ በብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ላይ ሲፈጸም ምን እንደሚያስከትል መመልከት ይበቃል። «ዝክረ ነገር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሞ በ1962 ዓ.ም. የተደገመ ሲሆን፣ ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት፣ ስለ ግብርና ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዐት የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚገልጠው ነው። በውጭ መጽሔት ዝርዝር ውስጥ ግን ደራሲው «መስቀል፣ ማ. ሥ. ወ.» ሆነው ይገኛሉ። ማኅተመ ሥላሴ አንድ ስም ነው፤ ወልደ መስቀልም አንድ ስም ነው። አባታቸው ጸሓፌ ትእዛዝ ወልደ መስቀል ታሪኩ ነበሩ። «መስቀል» የሚባል ሰው በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ ከቶ የለም። መመሪያው እንደ ታዘዘው ተፈጽሟል፤ የመጽሐፉ ደራሲ ግን ጠፍቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከመዝገበ ቃላት የሚገኝ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የሦስት ሊቃውንት ድካም አለበት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተው አዘጋጁት፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸውም «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የተባለውን ታላቅ ሥራ በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። በባዕድ ሥርዐት ሲጻፉ መምህሩ «ክፍሌ፣ ኪ. ወ.»፣ ደቀ መዝሙሩ «ወልድ፣ ደ. ተ.» ይሆናሉ። እንዲሁም ስማቸው በ«ወልድ»፣ በ«ሥላሴ»፣ በ«ማርያም» ወይም በ«መድኅን» የሚጨርስ ደራሲዎች ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ መስለው በአንድ መደዳ ይሰለፋሉ። የመጽሐፉን ታሪክ የማያውቅ የውጭ አገር አንባቢ ዕውቀቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንዴት እንደ ተላለፈ ከዝርዝሩ ሊረዳ አይችልም።

ስምን በፊደል ማሳጠርም የራሱ ጉዳት አለው። ተስፋዬ፣ ታደሰ፣ ተክሌ፣ ተሾመ በበዙበት አገር አንድ ሰውን «ተ. ተ.» ብሎ መጥራት ከመሰወር አይለይም። ከዚህም ሌላ የአማርኛ ጠባይ በራሱ የሚቃወመው ነገር አለ። አንዲት ሴት ደራሲ በአባቷ ስም ብቻ ስትጠቀስ አንባቢው በወንድ አንቀጽ «አለ»፣ «ጻፈ» እያለ ይቀጥላል፤ የተጠራውም አባትየው እንጂ የደከመችው ልጅ አይደለችም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በአንዱ ዝርዝር በ«ባ»፣ በሌላው በ«ዘ» ተራ ይገኛል። አንድ ሊቅ በሁለት ተከፍሎ ሲቈጠር የሥራው ዋጋም ለሁለት ይከፈላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪዎች መለያ ቍጥር በሕይወት ላሉት ይህን ችግር በከፊል አቃልሎላቸዋል፤ ማኅተመ ሥላሴና ኪዳነ ወልድ ግን እንዲህ ያለ ቍጥር የላቸውም።

የዘመን አቈጣጠር ነገርም ከስሙ የማያንስ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ይህ ዓመት የሚውለው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ጸሓፊ «1958» ብሎ ምንም ሳይጨምር ቢያኖረው፣ የውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የታተመ ይመስለዋል። ሌላው «1965»፣ ሦስተኛው «1966» ይለዋል፤ አንዱ መጽሐፍም የሦስት ዘመን መጽሐፍ ይሆናል።

ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ የታሪክን ፍርድ እስከ ማዛባት ይደርሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1974 መሆኑ ነው። በ1966 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ሁሉ ንጉሡ በዙፋን ሳሉ የታተመ ነው። በ1967 ዓ.ም. የታተመው ግን፣ ከመጀመሪያዋ ቀን በቀር፣ ከሥልጣን ለውጡ በኋላ የወጣ ነው። በዝርዝር ውስጥ ሁለቱም «1974» ተብለው ሲጻፉ ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል። ስለ መሬት ይዞታ ወይም ስለ ሃይማኖትና መንግሥት የተጻፈ መጽሐፍ ከዚያ ቀን በፊት ወጣ ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ ጸሓፊው በምን ነጻነትና በምን ፍርሀት እንደ ጻፈ የሚያስረዳ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ አንድ ዓመት ብቻ ይጻፍ ብሎ ሲያዝ የቦታ ቍጠባ ብቻ የጠየቀ ቢመስለውም፣ ያስጣለው የማስረጃውን ዋና ክፍል ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት በመጀመሪያ አኑሮ፣ ተመጣጣኙን በሕዝባር ወይም በቅንፍ ማስከተል ነው፤ ይኸውም «1958 ዓ.ም. [1965/66]» እንደማለት ነው። በአማርኛ የሚጽፉም የውጭ መጽሐፍን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ብቻ ለውጠው በመጽሐፉ ላይ ከቶ ያልታተመ ቍጥር መስጠት አይገባቸውም።

የመጽሐፉ ርእስም ተመሳሳይ ዕጣ ይደርሰዋል። አንዳንድ መጽሔት የአማርኛውን ርእስ ትቶ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ብቻ ይቀበላል። በዚያ ትርጉም የሚፈልግ ሰው በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን አያገኝም፤ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለምና። በላቲን ፊደል መጻፍም ቢሆን አንድ ሥርዐት ካልተያዘለት ይበትናል። «ገብረ» የሚለው ቃል ብቻ በላቲን በአራትና በአምስት ዐይነት ተጽፎ ይገኛል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ይጠቃለላሉ። ስቴፈን ራይት እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፎ ነበር፤ ችግሩ ግን ዛሬም አልተወገደም። በቀድሞ ጊዜ ማተሚያ ቤቶች የግዕዝ ፊደል የለንም ብለው ያመካኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መደብ ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህ ምክንያት አብቅቷል። ርእሱና የደራሲው ስም በፊደሉ ተጽፎ፣ የላቲኑ ንባብና ትርጉሙ ቢከተለው ሁሉም አንባቢ ይጠቀማል።

ስለ ብራና መጻሕፍት የሚደረገው አጠቃቀስ ደግሞ ከታተመው የበለጠ ትጋት ይጠይቃል፤ ብራና እያንዳንዱ አንድ ብቻ ነውና። «ክብረ ነገሥት፣ የለንደን ብራና» ብሎ ማለፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከራሱ ከመጽሐፉ ታሪክ ይታወቃል። ከመቅደላ ወደ ለንደን ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ጽፈው ስለ ጠየቁ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለ አደራዎች ከሁለቱ አንዱን በዚያው ዓመት መለሱ። የትኛው እንደ ቀረና የትኛው እንደ ተመለሰ የሚለየው የመደርደሪያ ቍጥሩ ብቻ ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በማይክሮፊልም የተነሡት የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት መጻሕፍት «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.» የሚል ቍጥር አላቸው፤ ብዙዎቹንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካታሎግ ገልጸዋቸዋል። ለምሳሌ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል በቍጥር 1832 ይታወቃል። ይህ ቍጥር ግን የፊልሙ ቍጥር እንጂ የመጽሐፉ ማደሪያ አይደለም። ብራናው ያለው በሐይቅ ነው። ቍጥሩን ጽፎ ገዳሙን የሚተው ሰው መጽሐፉ በአሜሪካ የሚገኝ ያስመስላል፤ ገዳሙን ጽፎ ቍጥሩን የሚተውም የፊልሙን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የመጽሐፉ ስም፣ ማደሪያው፣ ቍጥሩ፣ ቅጠሉና የቅጠሉ ፊት ወይም ጀርባ አምስቱም አብረው ሊነገሩ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የቃል ምንጭ ነገር ነው። የሕዝብን ባሕል የሚያጠና ተመራማሪ አብዛኛውን ዕውቀቱን የሚያገኘው ከሽማግሌዎች፣ ከመምህራን፣ ከገበሬዎችና ከባለ ሙያ ሴቶች አፍ ነው። የአሜሪካው የሥነ ልቡና ማኅበር መመሪያ ግን ያልተቀረጸ ቃለ ምልልስን «የግል ግንኙነት» ብሎ በጽሑፉ መካከል በአጭሩ እንዲጠቀስ ያደርጋል፤ በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም። ምክንያቱ አንባቢው ተመልሶ ሊያገኘው አይችልም የሚል ነው። በ2019 የወጣው እትም የነባር ሕዝቦችን የቃል ዕውቀት ለሚጠቅሱ ሰዎች የተናጋሪውን ስምና ወገን አሟልተው እንዲጽፉ መምከሩ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ያልተቀረጸው ቃል አሁንም ከዝርዝሩ ውጭ ነው። አንድ ቀን የሚከፈት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠፋ የኢንተርኔት ገጽ በዝርዝሩ ቦታ ሲያገኝ፣ ሰማንያ ዓመት በአንድ ቀበሌ የኖረ የአገር ሽማግሌ ቦታ ማጣቱ በምክንያት የሚደገፍ አይደለም።

የቀደሙት ታላላቅ ተመራማሪዎች በዚህ በኩል ከመመሪያው የተሻሉ ነበሩ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681፣ ሐተታውንም በ1691 ሲያሳትም ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልሸሸገም። መምህሩ የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1649 በሮም ተገናኝተው በ1652 በጎታ ከተማ አብረው ሠርተዋል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በባሕር ላይ በመርከብ መሰበር ሞቱ፤ ስማቸውና መልካቸው ግን በሉዶልፍ መጻሕፍት ውስጥ ቀረ። ኤኖ ሊትማንም እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ያሳተማቸውን የትግረ ተረቶችና ግጥሞች ሲያወጣ፣ በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ በባሕር ላይ የጠፋውን ረዳቱን ናፍዕ ወድ ዕትማንን በስሙ አመስግኗል። ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም በጎንደር የዛር ነገር ሲጠና አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ያደረጉት ሥራ፣ የዛር ባለሟሊቱም መልካም አየሁ የተናገረችው በየቀኑ ተመዝግቦ ይነበባል። ዛሬ እነዚህን መጻሕፍት የሚጠቅስ ሰው «ሉዶልፍ 1681»፣ «ሊትማን 1910»፣ «ሌሪስ 1934» ብሎ ይዘረዝራል። መጻሕፍቱ በውስጣቸው የጠበቁትን ስም ዝርዝሩ ይጥለዋል። በተደጋጋሚ ሲጠቀስም ዕውቀቱ የጠያቂው ብቻ ይሆናል፤ የመለሰው ይረሳል።

የተሻለ አሠራር በአገር ውስጥ ሞልቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ በሚጽፉት ጥናት መጨረሻ የቃል ምንጮችን ዝርዝር ማያያዝ የቈየ ልማድ ነው። በዚያ ዝርዝር የተናጋሪው ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜው፣ የተጠየቀበት ቦታና ቀን ይጻፋል፤ ስለ ሰውዬው ሥራና ማዕረግም አጭር መግለጫ ይጨመርበታል። የተነገረበት ቋንቋና የድምፁ ቅጂ የሚገኝበት ቦታ ቢታከልበት ምንም የሚጐድለው አይኖርም። በእርግጥ ስምን መጥራት ሁልጊዜ መልካም አይደለም። የርስት ክርክር፣ የቤተ ሰብ ምስጢር፣ በሸሸግታ የሚጠበቅ የመድኃኒት ዕውቀት፣ ወይም ተናጋሪውን ከባለ ሥልጣን ጋራ የሚያጋጭ ነገር ሲሆን ስሙ መሰወር አለበት። ይህን የሚወስነው ግን ተናጋሪው ራሱ ተጠይቆ ነው እንጂ፣ ስሙን በዝርዝር ማስገባት የማይፈቅድ መመሪያ አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ሥርዐት ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። በአማርኛ የሚጻፉ ጥናቶች የራሳቸው ጉድለት አለባቸው። «አባቶች እንደሚሉት»፣ «በታሪክ እንደሚነገረው»፣ «ሊቃውንት እንዳስረዱት» የሚሉ ቃላት በየገጹ ይገኛሉ፤ የትኞቹ አባቶች፣ በየትኛው መጽሐፍ የሚለው ግን አይነገርም። አያሌ መጻሕፍት የታተሙበትን ዓመት ወይም ማተሚያ ቤቱን ሳይገልጹ ወጥተዋል። ሌላው ልማድ ያላዩትን መጽሐፍ እንዳዩት አድርጎ መጥቀስ ነው። የሉዶልፍን መጽሐፍ በላቲን ያነበበ ጥቂት ሲሆን የሚጠቅሰው ግን ብዙ ነው። ከሌላ ጸሓፊ የተገኘ ጥቅስ ከሆነ «እገሌ እንደ ጠቀሰው» ብሎ ማስታወቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የመጀመሪያው ሰው የገጽ ቍጥር ሲሳሳት ተከታዮቹ ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው መገኘታቸው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጽሑፍ የሚያቀናብሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከቶ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ትክክለኛ የሚመስል ደራሲ፣ ዓመትና ገጽ ጨምረው እየፈጠሩ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ዋቢ የነጥቡና የሰረዙ ሥርዐት ፍጹም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አጻጻፉ ማማሩ ብቻ ምንም እንደማያረጋግጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የመጽሔት አዘጋጆች ለሥርዐታቸው የሚያቀርቡት መከራከሪያ አላቸው። መጽሔት አንድ ወጥ መልክ ሊኖረው ይገባል፤ ጥቅሶችን የሚቈጥሩት ኮምፒዩተሮችም የሚያነቡት በታወቀው ቅርጽ የተጻፈውን ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወጥ መሆን ማለት ሁሉን ሰው በአንድ ሕዝብ የስም ልማድ መጥራት ማለት አይደለም። የአይስላንድ ሰዎችም እንደ ኢትዮጵያውያን በአባት ስም የሚከተል የራስ ስም አላቸው፤ በአገራቸው የስልክ ማውጫም የሚደረደሩት በራሳቸው ስም ነው። ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት፣ የአሜሪካው የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ጭምር፣ ኢትዮጵያውያን ደራሲዎችን በራሳቸው ስም ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው «ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ»ም እንዲሁ አድርጓል። ዋቢዎችን የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞችም ቢሆኑ አይከለክሉም፤ ዞቴሮ በተባለው ውስጥ ስምን ሳይከፍሉ በአንድ ሳጥን መጻፍ ይቻላል፤ ኤንድኖት በተባለውም ከሙሉ ስም በኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ ማኖር ስሙ እንዳይገለበጥ ያደርጋል። እንግዲህ የሚቀረው የመሣሪያ እጦት ሳይሆን የፈቃድና የጥንቃቄ ነገር ነው።

ስለዚህ ጥናቱን ወደ መጽሔት የሚልክ ጸሓፊ ሊያደርገው የሚገባው ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የመጽሔቱን መመሪያ አንብቦ በነጥብና በሰረዝ፣ በቅደም ተከተልና በፊደል መጠን እንዲሁም በመሳሰለው ሁሉ ይታዘዝ፤ በእነዚህ ነገሮች መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። በስም፣ በዘመን፣ በርእስ፣ በብራናና በቃል ምንጭ ላይ ግን መመሪያው እውነትን የሚያስጥል ሆኖ ሲያገኘው፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ለአዘጋጁ በአጭር ደብዳቤ ያስረዳ። አስተዋይ አዘጋጅ የተገለጸለትን ምክንያት ይቀበላል፤ ቢያንስም በዝርዝሩ ራስ ላይ «የኢትዮጵያውያን ስም በራሳቸው ስም ተራ ገብቷል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር ይፈቅዳል። ከመላኩም በፊት በጽሑፉ ውስጥ የተጠራው ምንጭ ሁሉ በዝርዝሩ መኖሩን፣ በዝርዝሩ ያለውም ሁሉ በጽሑፉ መጠራቱን አንድ በአንድ ያመሳክር፤ የጠቀሰውን ገጽ ደግሞ ገልጦ ይመልከት።

የአገር ባሕል ጥናት ከሌሎች ጥናቶች የሚለየው ምንጩ ብዙ ጊዜ የማይደገም በመሆኑ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችላል፤ ከአንድ ሽማግሌ የተሰማው ቃል ግን ሰውዬው ካረፈ በኋላ የሚገኘው በተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው። ያ ጽሑፍ የተናጋሪውን ስም አዛብቶ፣ ዘመኑን አሳስቶ፣ አገሩን ትቶ ከሆነ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ዋቢውን ሲጠራ የሚመልስለት አይኖርም።